መጨረሻውን አልቀይርም

ጥቅምት 6
ጉርድ ፎቶ አራት ሰው። መብራት ሁለቴ ሄደ። ከሰዓት ሕንዱ ሰውዬ ፎቶ ቤቴ መጡ... ባለቤታቸው ደሴ የሚያስተምሩት፣ ውሃውን ወደው ሐይቅ ከተማ ቤት የተከራዩት። ኮምፒውተሩ ላይ ዑምኩልሱምን ከፍቼ ነበር። ባለፈው እሑድ ታንኳዋ ላይ ዝም ብዬ ለራሴ የቀረጽኳትን። ሰውዬው የመጡበትን ረሱ።
"ማነው እሱ?" አማርኛቸው ሴቱንም ወንዱንም አንድ ያደርገዋል።
"ጎረቤቴ ናት። ባሏ ሲሞት በታንኳው ዓሣ ማጥመድ ጀመረች።"
"አንተ ቀረጽክ?" እኔንም ወንድ አደረጉኝ።
"እኔ።"
"ሌላ አለ?"
የለም አልኳቸው። "ለምን የለም?" ብለው ተቆጡኝ። ደንበኛ ናቸው ብዬ ቻልኩት እንጂ...

ጥቅምት 9
ተመልሰው መጡ። ስማቸው ሴልቫም። "ሕንድ ትልቅ ነው። እኔ ታሚል" አሉ። ፊልም ዳይሬክተር ነበሩ! ሦስት ፊልም ሠርተዋል። ስምንት ዓመት ሠርግና ክርስትና ስቀርጽ ዳይሬክተር በዓይኔ አይቼ አላውቅም።
አባታቸው ማዱራይ አጠገብ የሲኒማ ቤት በረኛ ነበሩ። እሳቸው በዐሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ማድራስ ገብተው ስምንት ዓመት የሌላ ዳይሬክተር ጃንጥላ ያዙ። "ከጃንጥላው ሥር ነው የተማርኩት።" ታዲያ ለምን ተዉት? "ሌላ ቀን" አሉ።
ዑምኩልሱምን ቀጥል ይሉኛል። የእኔ ካሜራ እኮ የሠርግ ነው ብላቸው፦
"ካሜራው የሠርግ መሆኑን ያውቃል?"

ጥቅምት 22
ዑምኩልሱምን ጠየቅኋት። ሳቀች። "ዓሣ ዓሣ የምትሸት ሴት ማን ያያል?" ቆየችና ግን...
"ቅረጪኝ። አሳዛኝ እንዳታደርጊኝ ብቻ። ያዘነልኝ ሰው በዝቶብኛል።"
እንዳልረሳው ጻፍኩት።

ኅዳር 5
ሁለት ሳምንት ሙሉ ማለዳ ማለዳ ውሃ ላይ። ጋሼ ሴልቫም ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ከዳር ይጮሃሉ። "ጠብቅ! አትቸኩል! ፊቱን ስጠኝ!" ዛሬ ታንኳው ሲያጋድል ካሜራውን ከፍ አድርጌ እኔ ረጠብኩ። ዑምኩልሱም በሳቅ ሞተች። ያዘችው ቆሮሶ ዓሣ አመለጣት።

ኅዳር 14
መረቧን ቆረጡባት። ሦስት ቦታ፣ በቢላ። ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፣ የሚናገር የለም። የአጥማጆቹ አለቃ አቶ ሽታው ቆመው ያያሉ። "ሴት ከውሃ ትውጣ ብለናል" ይላሉ ደጋግመው። እሷ አሸዋው ላይ ተቀምጣ መስፋት ጀመረች። ካሜራዬን አወጣሁ።
"አጥፊው!" አሉኝ።
"አላጠፋም።"
"የማን ልጅ ነሽ አንቺ?"
"የመንበረ። በክርስትናዬ ድግስ በልተዋል እኮ።"
ሰው ሳቀ። ምስሉ ግን ተንቀጥቅጧል። ጋሼ ሴልቫም አይተው "ይሄ አይነካም" አሉ።

ታኅሣሥ 20
ከአዲስ አበባ፣ ፊልሙን ከላክሁለት ቴሌቪዥን ጣቢያ ደወሉ። ወደውታል! "መጨረሻው ብቻ ይስተካከል" አሉ።
መጨረሻው ምን ሆነ? የሰፋችውን መረብ ይዛ ብቻዋን ወደ ውሃው ስትገባ ያልቃል። እነሱ የሚፈልጉት... ታንኳውን ለወንዶቹ አስረክባ፣ ከአቶ ሽታው ጋር ታርቃ፣ ገበያ ላይ ዓሣ ስትሸጥ። "ተመልካቹ ደስ ብሎት ይነሣ።"
የአንድ ቀን ቀረጻ ነው። ዑምኩልሱም ለእኔ ስትል እሺ ትል ይሆናል። አገር ያየዋል። "ዳይሬክተር ስህን" ተብሎ ስሜ ይጻፋል... ለራሴ አልዋሽም። ፈለግሁት።

ታኅሣሥ 21
ለጋሼ ሴልቫም ነገርኳቸው። ሐይቁ ዳር ተቀመጥን። ሥራውን ለምን እንደተዉ ዛሬ አወጡት።
ሦስተኛው ፊልማቸው የመንደራቸው ሴት ታሪክ ነበር። ወገኖቿ ዝቅተኛ ናችሁ ተብለው እንዳይጠጉት ከተከለከለ ጉድጓድ ውሃ የቀዳች ሴት። እሳቸው በሠሩት ፊልም እንስራዋን ተሸክማ ቤቷ ትገባለች። ፕሮዲውሰሩ ግን "ትሙት፤ ሰው አልቅሶ ይውጣ" አለ። እምቢ አሉ። እሱም ተደብቆ ሌላ ሰው አስቀረጸና በፊልሙ ገደላት። ጋሼ ሴልቫም ይህን ያዩት ሲኒማ ቤት ከሕዝብ ጋር ተቀምጠው ነው። ተነሥተው ሸራው ፊት ቆሙ። "አልሞተችም! ቤቷ ናት! ሂዱና እዩዋት!" እያሉ ሲጮሁ ጎትተው አወጧቸው። ከዚያ ወዲህ ሥራ የሰጣቸው የለም። ዐሥራ አንድ ዓመት!
"ይቆጭዎታል?"
"መጮሄ? አይ። ከዚያ በኋላ ዝም ማለቴ።"
ምን ላድርግ ብዬ አልጠየቅሁም። እሳቸውም አልመከሩኝም።

ታኅሣሥ 23
ደወልኩ። "መጨረሻውን አልቀይርም።"
"እህቴ፣ ዕድልሽን በእጅሽ እየገፋሽ ነው።"
"በእጄ ነው የሠራሁት።"
ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ይሁን።
ዑምኩልሱም ስትሰማ ዓይኗ ፈጠጠ። "ታንኳዬን አስረክቤ? ወላሂ ካሜራሽን ውሃ ውስጥ ነበር የምከተው!" አቀፈችኝ። "አብሽሪ።"

የካቲት 1
ሐይቅ ከተማ አዳራሽ የሚሰጠን ጠፋ። አቶ ሽታው ቀድመውናል። ውጫሌ ግን ኸሚስ የሚባል እህል ነጋዴ መጋዘኑን ሰጠን። "ጤፌን እንዳትረግጡ እንጂ ያሻችሁን አሳዩ።" ገበያ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ። መስኮቱን በጆንያ ደፈንን፣ አቡጀዴ ግድግዳው ላይ ወጠርን። ሰው በሰው ላይ ሆነ።
መጀመሪያ ወንዶቹ ይሳሳቃሉ። መረቡ ሲታይ ጸጥ... አንዲት ነጠላዋን ያጣፋች ባላገር ሴትዮ ከመሃል ተነሣች። ዑምኩልሱም ታንኳዋን ስትገፋ "ግቢ! ግቢ ልጄ!" ብላ ጮኸች። ከዚያ ቤቱ አንድ ላይ "ግቢ!" አለ።
አቶ ሽታውም መጥተው ነበር። ሳያልቅ ወጡ። ጋሼ ሴልቫም ሁሉም ሰው ሄዶ እንኳ ከተቀመጡበት ጆንያ ላይ አልተነሡም።

መጋቢት 12
የባለቤታቸው ኮንትራት አለቀ። ጋሼ ሴልቫም ሄዱ። ደሴ ድረስ ሸኘኋቸው። "አሁንስ ምን ይሠራሉ?" ስላቸው እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙት።

ግንቦት 18
እነ አቶ ሽታው ዑምኩልሱምን ዛሬም አልተቀበሏትም። ሰላምታም የለም። መረቧን ግን ከውጫሌ ወዲህ የነካ የለም። ሁለት ሴቶች አብረዋት መውጣት ጀምረዋል። አንዷ መቅዘፍ አትችልም፣ ዑምኩልሱም ስትሰድባት እስከ አስፋልቱ ይሰማል።
ጋሼ ሴልቫም ቪዲዮ ላኩልኝ። መንደራቸው ገብተው ስለዚያችው ውሃ ቀጂ ሴት በስልካቸው ፊልም ጀምረዋል! በስድሳ ሁለት ዓመታቸው፣ ያለ ፕሮዲውሰር። "ምን ትላለህ?" ይላል ከሥሩ። እኔን? ሦስቴ አየሁት። ፈራሁ... ግን እውነቱን ጻፍኩላቸው። "ጋሼ፣ ረዝሟል። ሴትዮዋ በሩን ስትከፍት ይብቃ።"
ወዲያው ደወሉ። "ተሳስተሃል! ጥሩ ነው!"
"አልተሳሳትኩም።"
"ቆይ" ብለው ቪዲዮውን እንደገና ከፈቱት። ከዚያ፦
"እሺ። ልቁረጥ።"
ከአምባሰል ገጠር፣ ሕይወት የምትባል ሴት ሰው ልካብኛለች። የአባቷን መሬት ወንድሞቿ ከልክለዋታል፣ እሷ ግን በሬ ጠምዳ ገብታ እያረሰች ነው። ነይና ቅረጪኝ ትላለች። ወንድሞቿም ሰው ልከዋል፦ እንዳትመጪ።
የካሜራው ባትሪ ሞልቷል። ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ እሄዳለሁ።