ሞተሩ ሳይሞቅ

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 27

ዛሬ ማንቆርቆሪያ አቃጠልኩ። ሻይ ጥጄ በረንዳ ወጣሁና ባቡሩ ሲመላለስ እያየሁ ቀረሁ። ዕፀገነት ከመኝታ ቤት እየሮጠች መጣች።

«አባዬ! ማንቆርቆሪያው እንዲህ እየጮኸ አይሰሙም?»

«ሰምቻለሁ። አንቺ መስለሽኝ ነው ዝም ያልኩት።»

ልጄ ናት፣ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፣ አሁንም ስተርባት ከንፈሯን ትነክሳለች። የማንቆርቆሪያው ቂጥ ከሰል ሆኖ ቀረ።

ከሰዓት በኋላ የልጅ ልጄ መቅዲ ከክፍሏ ወጣች። ባንክ ቤቱን ከለቀቀች ወዲህ ውሎዋ ስልኳ ላይ ነው።

«አባባ፣ መኪና አገኘሁ።»

«ጠፍቶብሽ ነበር?»

«እባክዎ ይስሙኝ። ስፖርት መኪና ናት፣ ሁለት በር። ሱፐርቻርጀር አላት። ሱፐርቻርጀር ማለት...»

ለኔ ልታስረዳ! አርባ አንድ ዓመት ሞተር ስፈታ ለኖርኩ ሰው። በቺንጊያ፣ በጎማ ቀበቶ፣ እየዞረ ለሞተሩ አየር በግድ የሚያጎርስ ነገር ነው። ልክ እንደ እናቷ ምሳ ላይ።

የሰርግ መኪና ልታደርጋት ነው። ጥር ሊገባ ነው፣ ሙሽሮች ይሻሙባታል ትላለች። ፋብሪካው መሥራት አቁሟል። ይቺ ከመጨረሻው ዙር ምርት አንዷ ናት፤ ኮፈኑ ሥር ተራ ቁጥሯ ብረት ላይ ተጽፏል። የቤንዚን መኪና ማስገባት ከቆመ ወዲህ ደግሞ ሌላ እንዲህ ያለች አዲስ አበባ አትገባም።

«እኔም የመጨረሻው ዙር ምርት ነኝ። መለዋወጫ የለኝም። ማን ተሻማብኝ?»

ሳቀች። ከዚያ ክንዴን ያዘች። «አባቴ የተወልኝን ሱቅ ሸጬ ነው የምገዛት። እርስዎ ካልሰሟት አልነካትም።»

ልደታ ውስጥ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ሁሉ የሚጠየቀው «ሸዋንግዛው ሰምቶታል?» ተብሎ ነው። ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ ጀምሮ። ሕጌ አንድ ነው፤ ሞተሩ ሳይሞቅ። ጠዋት እጄን ኮፈኑ ላይ አሳርፋለሁ። ቀዝቃዛ ካልሆነ አይነሳም። የሞቀ ሞተር ሕመሙን ይደብቃል።

እሰማታለሁ አልኳት።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 30

ገና አለፈ። በበዓሉ ስልኬ አሥራ አንድ ጊዜ ጠርቶ አላነሳሁም አሉ። ኪሴ ውስጥ ሆኖ! «ዶሮ እየበላሁ ከሰው ጋር አላወራም» አልኩ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ቅዳሜ፣ ጥር 2

አየኋት። ጥቁር አረንጓዴ፣ ዝቅ ብላ መሬት የምትልስ። ሻጩ በሱፍቃድ የሚባል ጨዋ ሰው ነው። መኪናዋ የወንድሙ ናት፣ ወንድሙ ውጭ ቀርቷል። ግቢው ስንገባ ሞተሩ ተነስቶ ነበር።

«ላሳጥባት ወጥቼ ነበር አባቴ፣ አሁን ነው የደረስኩት» አለኝ።

እጄን ኮፈኑ ላይ አሳረፍኩ። ትኩስ ዳቦ። ማለት የነበረብኝ ቀላል ነው፤ «አጥፋት፣ ነገ ጠዋት እንመጣለን።» ስንት ሰው እንዲህ ብዬ መልሻለሁ።

አላልኩም።

ካቻቢቴዬን አወጣሁ። ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ። እንደ ልማዱ ሁሉም ጸጥ አለ። ከታች ጉርምርምታው ይሰማኛል፣ ደረቴ ድረስ። ከላይ... ምንም።

በሱፍቃድ ፈገግ አለ። «ፉጨቷን ሰሙት? ሱፐርቻርጀሩ ነው።»

መቅዲ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ትዘላለች። «አባባ፣ እንዴት ደስ ይላል!»

ምን ፉጨት?

ራሴን ነቀነቅኩ። «ጤነኛ ናት። ውሰጃት» አልኩ። በዚህ አፌ።

ነገ እንምጣ ብል ኖሮ ነገም እዚያው ቆሜ፣ ካቻቢቴ ይዤ፣ ሁሉም አፌን ሲያይ... ለዚያ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ማክሰኞ፣ ጥር 5

ስሙ ዞረ፣ መኪናዋ የመቅዲ ሆነች። ታች ቆማለች፣ ጎረቤት ሁሉ ፎቶ ይነሳባታል። መቅዲ ሳመችኝ። «እርስዎ ባይኖሩ አልደፍርም ነበር።»

ምሳ አልበላልኝም።

ሐሙስ፣ ጥር 7

ጠዋት ዳቦ ልገዛ ወረድኩ። ዘበኛችን ሁመድ ብርድ ልብሱን እያጠፈ ነበር። መቅዲ መኪናዋን ስታስነሳ የግቢው ውሻ ከሥሯ ፈትለክ ብሎ ወጥቶ ጆሮውን አጣብቆ እስከ አጥሩ ሮጠ። ሁመድም ፊቱን አጨማደደ።

«ምነው?» አልኩት።

«ጠዋት ጠዋት ነው እንዲህ የምትጮኸው ጋሼ፣ ስትሞቅ ይተዋታል። ብረት በብረት ሲፋቅ ይመስላል። ስፖርት መኪና ስለሆነች ነው አይደል?»

«አዎ» አልኩት። «ስፖርት እየሠራች ነው።»

ከት ብሎ ሳቀ። ዳቦውን ሳልገዛ ተመለስኩ። ደረጃው ላይ ሁለቴ ተቀመጥኩ።

ዓርብ፣ ጥር 8

ኩሽኔታው ነው። የሱፐርቻርጀሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት የብረት ኳሶች ቀለበት። ሲቀዘቅዝ ይጮኻል፣ ሲሞቅ ዝም ይላል፤ አንድ ቀን ግን ነክሶ ይይዛል። ያን ጊዜ ቺንጊያው ይበጠሳል። ኮፈኑን ከፍቼ አየሁ፤ መሪውን የሚያግዘውም ያው ቺንጊያ ነው። በፍጥነት እየሄደች መሪው እጇ ላይ ድንጋይ ሲሆን...

የመጀመሪያው ሰርግ እሁድ ጥር 17 ነው። ሙሽሮቹን ይዛ አዳማ፣ በፈጣን መንገዱ።

ምናልባት ሁመድ ዝም ብሎ ነው። ምናልባት ውሻው ፈሪ ነው። ማንን ነው የማታልለው ሸዋንግዛው?

ቅዳሜ፣ ጥር 9

ነገርኳት! ቁርስ ላይ፣ ፊት ለፊት። «መቅዲ፣ የዚያን ቀን ምንም አልሰማሁም። ጆሮዬ ሄዷል።»

አንድ አፍታ አየችኝ። ከዚያ ሳቋ ፈነዳ፣ ሻይዋ አፍንጫዋ ገባ።

«አባባ ደግሞ! ደነገጥኩ እኮ! እማዬ፣ ነይ ስሚ፣ ጆሮዬ ሄዷል ይሉኛል!»

«ወዴት ሄደ?» አለች ዕፀገነት ከጓዳ። «ሰላም ይበሉልኝ በያቸው።»

ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ለአምሳ ዓመት ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ሐኪም ልብዎ ሊቆም ነው አለኝ ብያቸው ያውቃል፣ ሎተሪ ወጣልኝ ብያቸው ያውቃል። ዛሬ አንዲት እውነት ብናገር ማን ይመነኝ?

መኪናዋን ይዛ ወጣች። በረንዳ ላይ ቆሜ እስክትመለስ ጠበቅኩ። ሦስት ሰዓት ተኩል ሙሉ።

ሰኞ፣ ጥር 11

ጥምቀት። ታቦቱ ሲመለስ መንገድ ዳር ቆምኩ። ከበሮው አጥንቴ ውስጥ ይገባል፤ የቄሶቹም ዜማ ከሩቅ እንደሚመጣ ሆኖ ይሰማኛል። አጠገቤ ነጭ የለበሱ ሴቶች ነበሩ። አፋቸው ተከፈተ፣ ምላሳቸው ተርገበገበ።

ምንም የለም።

አንዷ ጆሮዬ ሥር ናት፤ ጉሮሮዋ ሲወጠር አያለሁ። እልልታው የለም። ከዓለም ላይ ተነስቷል። መቼ ነው የሄደው? አምና ነበር?

ነጠላዬን ተከናንቤ ከሰው መሀል ወጣሁ። በሰማንያ ዓመቴ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። በመቅዲ ሰርግ ዕለትስ ምን ልሰማ ነው? ደግሞ ሰርጓ የሚደርሰው በሕይወት ከኖረች...

እንዲህ አልጽፍም። ጻፍኩት።

ረቡዕ፣ ጥር 13

አብነት ሰፈር ነስረዲን ጋ ሄድኩ። ልጅ ሆኖ ከኔ ነው ሞተር የተማረው፤ አሁን የራሱ ጋራዥ አለው። ልነግረው ነበር። በሩ ላይ ሦስት ሠራተኞች ተነስተው «ጋሽ ሸዋ መጡ! እስቲ ይቺን ይስሙልን!» አሉ።

ሰማሁላቸው። «ቅባት ጠምቷታል» አልኩ። ቅባት የማይጠማው መኪና የት አለ?

ሳልነግረው ተመለስኩ።

ዓርብ፣ ጥር 15

ቁልፏን ሰረቅኩ። የሹሮ ዕቃው ውስጥ ቀበርኩት።

መቅዲ ከጠዋት ጀምሮ ቤቱን አተራመሰች። ዛሬ አበባ የሚያስሩላት ሰዎች ቀጥራለች። በመጨረሻ ጣቴ ላይ ሹሮ አየች።

«አባባ! ይሄ ቀልድ አይደለም!» እንዲህ ጮኻብኝ አታውቅም።

«አይደለም ብዬሽ ነበር።»

«ስልክ ላይ ሙሽሪት እየጠበቀችኝ ነው! ምን ፈልገው ነው?»

«ከኋላዬ ቁሚ» አልኳት። «ስልክሽን አስጩሂው። ስሰማ እጄን አነሳለሁ። ይቺን ብቻ አድርጊልኝ፣ ከዚያ ቁልፍሽን ውሰጂ።»

እያጉረመረመች ወደ ኋላዬ ሄደች። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ጠበቅኩ። አንድ ባቡር አለፈ። ታች ሁመድ ግቢውን ይጠርጋል፤ አንድ ጥግ ጨርሶ ወደ ሌላው ተሻገረ።

«መቼ ነው የምትጀምሪው?» አልኩ።

ዞርኩ።

ስልኩን ከፊቷ ይዛለች፣ ብርሃኑ ብልጭ ድርግም ይላል። እንባዋ እስከ አገጯ ወርዷል። ዕፀገነት በሩ ላይ ቆማ ሁለት ጆሮዋን በእጇ ይዛለች። ቤቱ ምን ያህል ይጮህ እንደነበር ከሷ ፊት አየሁ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች መቅዲ። ከከንፈሯ አነበብኩት።

«እኔ እንጃ። ማንቆርቆሪያው...» ወደ ዕፀገነት ዞርኩ። «አንቺ መስለሽኝ አልነበረም ልጄ። አልሰማሁትም።»

ቁልፉን ሹሮውን አራግፌ ሰጠኋት። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ወደ ነስረዲን የደወለችው እሷ ናት።

ቅዳሜ፣ ጥር 16

ነስረዲን ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደረሰ። እጁን ኮፈኑ ላይ አሳረፈ። ቀዝቃዛ። ቀና ብሎ አየኝና ቶሎ ዓይኑን መለሰ።

መቅዲ አስነሳች። ሦስት ሳይቆጠር እጁን አወናጨፈ። «አጥፊው! አጥፊው!»

ቺንጊያውን አወለቀ። ቺንጊያው የሚጠመጠምበትን የሱፐርቻርጀሩን ፑሊ በእጁ አሽከረከረ፤ ከዚያ የኔን እጅ ይዞ እዚያው ላይ አደረገው።

«በእጅዎ ይዩት ጋሼ።»

አሽከረከርኩ። አሸዋ። ውስጡ አሸዋ የሞላበት ያህል ይንገራገጫል። እጄ ወዲያው አወቀው። ጥር 2 ቀን ሞተሩን አስጠፍቼ፣ ቺንጊያውን አስወልቄ በእጄ አሽከርክሬው ቢሆን ኖሮ ጆሮም ባላስፈለገኝ። ጆሮ የለውም እንዳይባል ግን ጆሮዬን ደገንኩ።

«አዳማ አትደርስም ነበር» አለ ነስረዲን፣ ለመቅዲ ነው። ከዚያ ዞር ብሎ ለኔ ጮክ አድርጎ ሊደግመው ፈለገ።

«አይቻለሁ» አልኩት። መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። ሁመድ ወንበር አመጣልኝ፣ ውሻውም መጣ።

መቅዲ በሱፍቃድ ጋ ደወለች። ድምፅ ማጉያው ላይ ነበር፤ ያለውን ዕፀገነት ቀስ ብላ ነገረችኝ። «አያትሽ ሰምተው አይደል የገዛሽው?»

ልክ ነው። ምን ይበል?

ለሙሽሮቹ ሌላ መኪና ተፈለገላቸው። ዕቃው አይገኝም፣ ፋብሪካው ቆሟል። ነስረዲን ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ብረት የሚቀርጹበት ቶርኖ ቤት ወስዶ ልክ የሚሆን ኩሽኔታ ያስገጥማል። እስኪያልቅ ጥር ያልፋል። መቅዲ ብትሰድበኝ እንዴት ደስ ባለኝ።

እሁድ፣ ጥር 17

መቅዲ አዳማ አልሄደችም። ቤት ነበረች። ምሳ ላይ ሳታየኝ ቁርጥ ሥጋውን ወደ እኔ በኩል ገፋችልኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 27

ሐኪም ጋ ወሰደችኝ። እንደ ሳጥን ያለች ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገብተው ድምፅ ሲሰማዎት ቁልፉን ይጫኑ አሉኝ። ሳይሰማኝ አልተጫንኩም። ማታለል እችል ነበር፤ መርማሪው ልጅ ድምፅ ሲልክ ፊቱን በመስታወቱ አያለሁ። አላደረግኩትም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 7

መኪናዋ ተሠርታ መጣች። ነገ የመጨረሻው የሰርግ እሁድ ነው፤ ሰኞ ዐቢይ ጾም ይገባል። ሰርጉ አዳማ ነው።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወረድን። እጄን ኮፈኑ ላይ አሳረፍኩ። ቀዝቃዛ። ካቻቢቴውን ለመቅዲ ሰጠኋት። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ነስረዲን ጋራዥ እየወሰድኩ የታመመና ጤነኛ ኩሽኔታ ሳሰማት ነበር። እኔ በእጄ፣ እሷ በጆሮዋ። ሞተሩን አስነሳችና ካቻቢቴውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች፣ ፊቷ አይነበብም። ውሻው ከመኪናዋ ሥር አልተነሳም።

«ንጹሕ ነው» አለችኝ። «ፉጨት ብቻ።»

«ፉጨቷ እንዴት ያለ ነው?»

አሰበች። ከዚያ ጣቴን ወስዳ ጉሮሮዋ ላይ አደረገችና ድምፁን አወጣችው። ቀጭን ንዝረት ጣቴ ላይ ደረሰ፣ እየወጣ፣ እየወጣ...

«ይሄማ እናትሽ ናት!»

ሁመድ እንኳን ሳቀ። እሷም ሳቀች፣ ከዚያን ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ቁልፏን ስትይዝ እጇን ያዝኩ። «ነገን እፈራለሁ መቅዲ» አልኳት።

አልሳቀችም። ፊት ለፊቴ መጥታ ቆመች፣ ከንፈሯን እንዳይ ብርሃኑ ወዳለበት ዞረች፣ ድምፅዋንም ከፍ አደረገች።

«ቀስ ብዬ ነው የምነዳው አባባ። ስደርስ ለእማዬ ደውዬ እነግራታለሁ፣ እሷ ትነግርዎታለች።»