በር ፊት ለፊት ያለው ቴሌቪዥን

ቆቦ፣ ኅዳር 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለባለቤቴ፣

እንዴት ሰንብተሻል? የደሴ ብርድ እንዴት አድርጎሻል? እህትሽስ ከአልጋ ተነሥታ ወጣ ገባ ማለት ጀመረች? ትንሹ ልጇ አሁን ሳይሮጥ አይቀርም። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤ ሲጻፍ ከዚህ ቀጥሎ «ከናፍቆትሽ በስተቀር» የሚባል ነገር እንዳለ አውቃለሁ፤ እሱን ኋላ እመለስበታለሁ።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። በስልክ እንደምታውቂው አንቺ ደህና ነኝ ትያለሽ፣ እኔም ደህና ነኝ እላለሁ፣ ካርዱ ሳያልቅ ወሬያችን ያልቃል። በመስከረም ደውለሽ ልታስታምሚያት የሄድሽላት እህትሽ እንደተሻላት፣ አንቺ ግን ከገና በኋላ እዚያው ደሴ የራስሽን ቤት ልትከራዪ እንደሆነ ስትነግሪኝ፣ እኔ ያልኩሽ ውሃ በየስንት ቀኑ እንደሚመጣ አስቀድመሽ ጠይቂ ነው። እሺ ብለሽ ዘጋሽ። ምክሩ ደህና ምክር ነበር። ይህ ሁሉ ነገር የተጀመረው ያን ዕለት ነው።

ጥለሽው የሄድሽውን ላፕቶፕ ታስታውሺዋለሽ። ቀርፋፋ ነው ብለሽ ነው የተውሽው። ከዚህ ቤት በዚህ ምክንያት የተተወው እሱ ብቻ መሆን አለመሆኑን አልጠየቅሁሽም። ደብዳቤ ልጽፍልሽ አስቤ ከፈትኩት። ፊቴን ታጥቤ፣ ሻይ ጥጄ፣ ሻዩን ጠጥቼ ስመለስ ገና እየተነሣ ነው። በማግሥቱ መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር የምትጠግነው ራህመት ዘንድ ይዤው ሄድኩ።

ራህመት ተማሪዬ ነበረች፤ ጂኦግራፊ ላይ ይህን ያህል አልነበረችም። የላፕቶፑን ሆድ ፈትታ አየችና፣ መምህር፣ እዚህ ውስጥ ማሽላ ቢዘሩ ይበቅላል አለችኝ። የራያ አቧራ ነው፤ በር ከተከፈተ የማይገባበት የለም። በብሩሽ ጠርጋ ስታበቃ ሜሞሪው ሁለት ጊጋ ብቻ መሆኑን፣ በዚህ ዘመን በሁለት ጊጋ የሚኖር ሰው አለመኖሩን አስረዳችኝ። አራት ጨመረችለት። የሚሽከረከረውን አሮጌ ሃርድ ዲስክ አውጥታ፣ ኤስኤስዲ የሚሉትን፣ ውስጡ ምንም የማይንቀሳቀስ ቀጭን ነገር ከተተችበት። በአሮጌው ላይ የነበረውን ሁሉ ገልብጣልኛለች፤ የእህትሽ ሰርግ ፎቶም አለ።

ሁሉን ጨርሳ ስታበራው ግን ስክሪኑ ጨለመ። ድሮም ሊሞት ሲያጣጥር የነበረ ስክሪን ነው። ውስጡ ደህና ነው፣ ይሠራል፣ ፊቱ ላይ ግን ምንም አይታይም አለችኝ። እንደዚህ ያለ ሰው አውቃለሁ ልላት ነበር፤ ተማሪዬ ስለሆነች ተውኩት። አዲስ ስክሪን ከአዲስ አበባ እስኪመጣ በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር ያገናኙት፣ ቴሌቪዥኑ ስክሪን ይሆንልዎታል ብላ ገመዱን ጠቅልላ ሰጠችኝ።

ቤት ወስጄ ሰካሁት። ቴሌቪዥኑ ሰማያዊ ሆኖ፣ ምልክት የለም ይላል። ነቅዬ ሰካሁት። ምልክት የለም። ራህመት ጋ ደወልኩ። የትኛው ቀዳዳ ላይ ነው የሰኩት አለች። ሁለተኛው ላይ አልኳት። ቴሌቪዥኑን የትኛው ላይ ነው ያደረጉት ስትለኝ አንደኛው ላይ አልኳት። አንዱ እዚህ በር ቆሞ ሌላው በዚያኛው በር እየጠበቀው እንዴት ይገናኛሉ መምህር አለችና ሳቀች። ስለ ገመዱ ነው የምታወራው። በሪሞቱ ወደ ሁለተኛው ስቀይረው መጣ።

አሁን ላፕቶፑ እኔ ቁጭ ሳልል ይነሣል። ድሮ ስከፍተው ያጉረመርም ነበር፤ ቤቱ ውስጥ ከእኔ ሌላ የሚተነፍስ ነገር እንደነበረ ያወቅሁት ዝም ሲል ነው። ሻይ ለማፍላት የነበረኝ ሰበብም አብሮ ቀረ።

ቴሌቪዥኑ አንቺ ያስቀመጥሽበት ነው ያለው፤ በሩ ፊት ለፊት። በሙቀት ጊዜ ከበረንዳው ሆነን እንድናይ ብለሽ ያዞርሽው እንደዞረ ነው። እኔ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ፣ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ዓይኔም እንደ ድሮው ስላልሆነ ፊደሉን አተልቄ መጻፍ ጀመርኩ። «ለቀድሞ ባለቤቴ» ብዬ ነው የጀመርኩት። በየምሽቱ ጥቂት እጽፋለሁ፣ ከጻፍኩት ግማሹን አጠፋለሁ። በሩን ክፍት አድርጌ ነው እንግዲህ፤ በቆቦ መስከረም በሩን ዘግቶ የሚቀመጥ ሰው የለም።

እንዲህ ሰንብቼ አንድ አመሻሽ ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ። አጭር ናት። ቀና ብዬ ሳያት ግድግዳውን የሞላች መሰለኝና አጠፋኋት። ያኔ ከጀርባዬ፣ ከግቢው፣ አከራያችን እማማ አስካለ፣ ምነው ዝም አልሽ፣ ቀጥይ እንጂ ሲሉ ሰማሁ። ልጃቸው ትርንጎ፣ አጠፋው እኮ እማ አለቻቸው።

ዞርኩ። ሰሌን አንጥፈው፣ ቆሎ መሃል አድርገው ተቀምጠዋል፤ እማማ አስካለ፣ ትርንጎ፣ ከጎን ቤት ኡሙሃኒ ከነስፌቷ። እማማ አስካለ ማንበብ ስለማይችሉ ትርንጎ ከመጀመሪያው ምሽት አንሥታ ስታነብላቸው ኖራለች። ኡሙሃኒ ያመለጣት ክፍል ካለ ጠዋት ውሃ ሲቀዱ ይተረክላታል።

ማንም አልደነገጠም፤ ከእኔ በቀር። የሰው ደብዳቤ እንዴት ይነበባል ብዬ ብቆጣ፣ እማማ አስካለ፣ በሩን ከፍቶ ቴሌቪዥን ያበራ ሰው ኑና እዩ ማለቱ ነው፣ እኛ ምን አጠፋን አሉኝ። የግቢው ደንብ ይኸው መሆኑን ታውቂያለሽ፤ ጎረቤቱን በረንዳችን ላይ ያለመድሽው አንቺ ነሽ።

ከዚያ ወደ አስተያየት ገቡ። ኡሙሃኒ ስለ ዝናቡ የጻፍኩት በዝቷል አለች። ትርንጎ፣ አሁን ሴትዮዋ ስለ ሜሞሪ ሰምታ ምን ልትሆን ነው ብላ ስለ ላፕቶፑ ያለውን በሙሉ እንዳወጣው መከረችኝ። እንዳየሽው አላወጣሁትም። እማማ አስካለ ግን የተነሡት ከመጀመሪያው ቃል ነው። ይኼ «ቀድሞ» የሚሉት ከየት መጣ? ሽማግሌ አልተቀመጠ፣ ዕቃ አልተካፈላችሁ፣ ድስቷ እንኳ እዚሁ ነው፤ ማን ፈታትና ነው አሉኝ። ድስትሽ እዚሁ መሆኑ እውነት ስለሆነ ቃሉን አንሥቼዋለሁ።

ያችንስ ቃል ምን ብትበድልህ ነው ያጠፋሃት አሉ ደግሞ። ይህን ሁሉ ምሽት ስታወራ ሰው ሰው የሚሸት ነገር የተናገርከው እሷን ብቻ ነው። በዚህም አልተዉኝም። ደሴ የሄድሽ ጊዜ መናኸሪያ ድረስ አብረውን መጥተው አልነበር? ለኡሙሃኒ ተረኩላት። አውቶቡሱ ሞተር አስነሥቷል፣ ልጅቱ በመስኮት አንገቷን አውጥታ አንድ ቃል ትጠብቃለች፣ ይኼ ሰውዬ ግን ጸሐይ እንዳትመታሽ በቀኝ በኩል ተቀመጪ ብሎ ወደ ቤቱ አሉ። ኡሙሃኒ፣ ያ ረቢ፣ ሌላ ምንም አላላትም? አለች። ሌላ ምንም አሉ። ትርንጎ ቆሎዋን መቆርጠም አቆመች።

ከቆቦ ወደ ደሴ በጠዋት የሚሄድ ሰው ጸሐይዋ በግራው እንደምትሆን ላስረዳቸው ፈልጌ ነበር። ጊዜው አልመሰለኝም።

ከዚያ ወዲያ በቴሌቪዥኑ መጻፍ አቆምኩ። እነሱ ግን መምጣት አላቆሙም። እየመሸ ሲሄድ ሰሌኑ ይነጠፋል፣ ዛሬስ ይቀጥላል ወይ ይሉኛል። ባዶ ስክሪን ይዞ መቀመጥ ቢከብደኝ የእህትሽን ሰርግ ፎቶ አሳየኋቸው። ሌላው ፎቶ ሲመጣ፣ እሷ ማናት፣ ያኛው ሞቷል አይደል፣ እለፈው ይሉኛል። አንቺ ያለሽበት ሲመጣ ግን እለፈው የሚል የለም። በዚያ ልክ ገዝፎ ፊትሽን አይቼው አላውቅም። ቅንድብሽ ላይ ያለችውን ትንሽ ጠባሳ ረስቻት ኖሯል። እነሱ ሰሌናቸውን ጠቅልለው ሲነሡም እኔ ሳላልፈው እቆያለሁ።

አዲሱ ስክሪን በቅርቡ መጣ፤ ራህመት ገጠመችልኝ። አሁን ማንም ሳያየኝ መጻፍ እችላለሁ ማለት ነው። ሞከርኩት። በትንሿ ስክሪን ላይ ደብዳቤው የሌላ ሰው መሰለኝ። ስለዚህ ይኸው በእስክሪብቶ ነው። ገመዱን ግን ከቴሌቪዥኑ አልነቀልኩትም።

ኅዳር ገብቶ ከዞብል ተራራ በኩል የሚመጣው ነፋስ ቀዝቅዟል። ሰዉ በጊዜ በሩን ይዘጋል፣ ሰሌኑም ከተጠቀለለ ሰነባብቷል። ክፍት የሆነው የእኔ በር ብቻ ነው። እማማ አስካለ በጋቢ ተጠቅልለው ሲያልፉ፣ በዚህ ብርድ በሩን ምን ልትሆን ትከፍታለህ ቢሉኝ፣ ለአየር ነው አልኳቸው። እንግዲህ አየሩ ቶሎ ይምጣልህ ብለውኝ ገቡ።

ሁሉም ሰላም ብለውሻል። ትርንጎ ደብዳቤው እንዲያጥር አደራ ብላለች። እማማ አስካለ፣ እመቤቴ ከፊት ከኋላሽ ትሁን ብለዋል። ኡሙሃኒ፣ አላህ መንገዷን ያቅናላት አለች፤ የትኛውን መንገድ ብዬ አልጠየቅኳትም።

ያችን ያጠፋኋትን ዓረፍተ ነገር እዚህ ልጽፍልሽ ነበር የተቀመጥኩት። ኡሙሃኒ ገበያ ላይ ስለተናገረቻት ከሮቢት እስከ ዋጃ ሳይሰማት የቀረ ያለ አይመስለኝም። ያልሰማሻት አንቺ ብቻ ነሽ። እስክሪብቶውን ይዤ ብዙ ቆየሁ፤ አሁንም እንደያዝኩት ነው። የምችለውን ልንገርሽ። ከደሴ ወደ ቆቦ በጠዋት የሚመጣ ሰው ጸሐይዋ በቀኙ ናት። በግራ በኩል፣ ከሾፌሩ ጀርባ ያለው ወንበር ጥላ ነው። እስከ ቆቦ ድረስ ጥላ ነው።

መጀመሪያ ላይ ኋላ እመለስበታለሁ ያልኩሽ ይኸው ነው።

እግዚአብሔር ጤናሽን ይስጥሽ፤ እህትሽን ፈጽሞ ይማርልን፣ ልጇንም ያሳድግላት።

የቤትሽ ሰው