የክፍልፋዩ ኮት

ይድረስ ለአባቴ፣

አባባ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ይዞዎታል? ሳሉ ለቀቀዎት ወይስ ከእናቴ ተደብቀው ያስላሉ? እሷስ ደህና ናት? ታናሽ ወንድሜስ ዛሬም ካልተጎተተ ከአልጋው አይወርድም? እኔ ከጉሮሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ጉሮሮዬም ቢሆን የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ስለሆነ ሙቅ ውኃ በነፃ ያቀርቡለታል።

ደብዳቤዎ ደረሰኝ። የሚያስተምሩበት ክፍል ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ስክሪን በእኔ ድምፅ ሲያስተምር ሰምተው ለርእሰ መምህሩ ልጄ ናት ማለትዎን፣ እሱም እንኳን ደስ ያለዎት ብሎ ማብራትና ማጥፋቱን ለእርስዎ እንደሰጠዎት ጽፈዋል። ትምህርቱ ሲሄድ መናገርም ተከልክለዋል። አዎ አባባ፣ እኔው ነኝ። ከቁም ሣጥን በማትሰፋ ክፍል ማይክሮፎን ፊት ተቀምጬ ትምህርት አነባለሁ። ግራና ቀኝ ባሉት ክፍሎች ሌሎች ያንኑ ትምህርት በየቋንቋቸው ያነቡታል። ኩባንያው አንዴ ያዘጋጀውን ለአገር ሁሉ ይቸበችበዋል።

በክፍልፋይ ትምህርቱ ላይ የሚታየውን ኮት የኩባንያው ሰዎች ከየት አመጡት ብለው ጠይቀዋል። ከእኔ ነዋ። ስቀጠር የክፍልፋይ ትምህርታቸው እንቅልፍ የሚያስወስድ ነበር። ፈገግታ ከፊቱ ስለማይጠፋ ሳቂታ የምንለው አለቃችን ልጆቹን ምን ያስቃቸዋል ብሎ ሲጠይቅ፣ አንድ አስተማሪ ነበረኝ ብዬ የእርስዎን ነገርኩት። ኮትዎን አውልቀው ለሁለት ልጆች፣ ከዚያ ለአራት፣ ከዚያ ለስምንት ሲያካፍሉ፣ የመጨረሻው ልጅ ቁልፉን ብቻ ይዞ ሲቀር፣ «አንድ ስምንተኛ የደረሰው ቁልፉን ይዞ ይብረደው» የሚሉትን። ሳቂታ አጨበጨበ። አሁን ኮቱ ሥዕል ሆኗል፣ ቀልድዎም በእኔ አፍ ይነገራል። ይቅርታ እንድጠይቅ አይጠብቁ። ከእርስዎ የወረስኩት እሱን ብቻ ነው፤ እሱኑ ይዤ ገበያ ወጣሁ።

ስለ ልመናዎ ልንገርዎ። ስክሪን አብሪ ሆኜ ከምቀር እዚያው አስቀጥሪኝ ብለው፣ ሲያስተምሩ ወንድሜ በስልክ የቀረጸዎትን ልከውልኛል። አየሁት። ኮትዎን ለብሰው፣ ጸጉርዎን በውኃ አስተኝተው ሳይዎት አንጀቴን በሉኝ። ቢሆንም ዓይኔን በጨው አጥቤ ለሳቂታ አሳየሁት። አባቴ መሆንዎን ግን አልነገርኩትም፤ ቢስቅብዎ አብሬ እንዳላፍር ብዬ ነው። ኮቱን ማውለቅ ሲጀምሩ አስቆመው።

«ይሄ ሰውዬ ከኛ ነው የኮረጀው፤ ኮቱ የኛ ነው» አለኝ።

እንደ ልማዱ ፈገግ ብሎ ነው ያለው። ብናገር ወንበሬ ይሄድ ነበር። ሰሞኑን ርእሰ መምህሩ ይጠራዎታል። ያ አስተማሪ ኮቱን ክፍል ውስጥ እንዳያወልቅ የሚል ማስጠንቀቂያ ከዚህ ሄዷል። እዚህ ቋንቋችንን የማውቅ እኔ ብቻ ስለሆንኩ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ቃላቱን በደንብ መርጫለሁ፣ ስሕተት አያገኙበትም። ለብርድ ግን መልበስ ይችላሉ።

እናቴን ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ ይህን ሁሉ ግን አያንብቡላት፣ ደህና ናት ብቻ ይበሏት። ወንድሜ እንደ አባቴ አስተማሪ እሆናለሁ ካለ ጆሮውን ይቆንጥጡልኝ። ከኋላ ወንበር የምትቀመጠዋ ልጅ አልገባኝም ብላ ለስክሪኑ እጇን እንደምታወጣ፣ ትምህርቱ እስኪያልቅም እንደማታወርደው ጽፈውልኝ ነበር። ለእሷም ሰላም ይበሉልኝ። ከስክሪኑ የምታስተምረዋ ሴት አታይሽም ይበሏት። እጇን ታውርድ።

ልጅዎ

ከመቅረጫው ክፍል፣ የካቲት ፬ ቀን