የሰይድ ሞተርና የከማል ፕሮፔለር

ሰኞ

ዛሬም ሁለቱም ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጉት። ጠዋት ወንድሜ፣ ከሰዓት በኋላ ባሌ። አንዱ ቆላ፣ ግድብ ዳር ቆሞ፤ ሌላው እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ከስፌት ቤቴ ብዙም በማይርቀው ወርክሾፑ ውስጥ ሆኖ። ቃላቸው እንኳ አንድ ነው፤ «አንቺ ስለ ሞተር ምን ታውቂያለሽ?» ሌላ ጊዜ በምንም የማይስማሙ ሰዎች እኔን ዝም ለማሰኘት ሲሆን ይስማማሉ።

ከሥሩ ልጻፈው፤ ካልጻፍኩት ነገ የምሰፋውን ዩኒፎርም ሁሉ አበላሸዋለሁ።

ሰይድ ታላቄ ነው። ከአሊዩ አምባ በታች ቆላው ላይ ግድቡ ውሃ ከያዘ ወዲህ በጀልባ ሰው ያሻግራል። የማዶ ገበሬዎች መንገዳቸው ውሃ ውስጥ ቀርቷል፤ ዙሪያውን በእግር እንሂድ ካሉ ቀኑ ያልቅባቸዋል። ማሿቸውንም ሽንኩርታቸውንም ወደ ገበያ የሚያወጣላቸው የሰይድ ጀልባ ነው። ከጀልባው ኋላ ሞተር አለ፤ ከሞተሩ ግርጌ ደግሞ ውሃ ውስጥ የሚሽከረከር ባለ ሦስት ክንፍ ብረት አለ። ፕሮፔለር ይሉታል። ጀልባውን የሚገፋው እሱ ነው። ግድቡ ሲሞላ እንደቆመ የተዋጠ ግራር ብዙ ነውና ባለፈው ወር አንዱ ጉቶ ፕሮፔለሩን ገንጥሎ እዚያው አስቀረው።

ሰይድ ሞተሩን በጭነት መኪና አውጥቶ ወደ ከማል አመጣው። ባሌ ከማል ቴክኒክ ኮሌጅ ውስጥ ሞተር ያስተምራል፤ «አንተ ተወው፣ እኔ እመርጥልሃለሁ» አለው። ከአዲስ አበባ ሁለት አስመጣ፤ አንዱ አስር ቁጥር፣ ሌላው አስራ ሦስት ቁጥር። ቁጥሩ ፕሮፔለሩ አንዴ ሲዞር ምን ያህል ወደፊት እንደሚሄድ ነው የሚናገረው። ትልቁ ቁጥር በአንድ ዙር ብዙ ይሄዳል፣ ግን ከሞተሩ ጉልበት ይፈልጋል። ትንሹ ይቀልለዋል።

ከከተማ ወጣ ብሎ ያለው ኩሬ ላይ የመዝናኛ ቤቱን ጀልባ ለምኖ፣ በአሸዋ ጆንያ ልክ እንደ ሰይድ ጭነት አክብዶ ሞከረው። እኔም ነበርኩ፤ የዚያን ቀን ብርድ እስካሁን ከጉልበቴ አልወጣም። በአስራ ሦስቱ ሞተሩ አቃሰተ፤ ጀልባው ኋላው ውሃ ውስጥ እንደተነከረ ቀረ። በአስሩ ግን ተስፈንጥሮ ሄደ። አስሩ ታስሮለት ሞተሩ ቆላ ወረደ።

ቆላ ሲደርስ ሞተሩ ይጮሃል፣ ጀልባው ግን አይሄድም። ትንሽ ቆይቶ ጢጥ ጢጥ ይልና በራሱ ጉልበቱን ይቀንሳል። ሰይድ ይህን ሲናገር ከማል «አነዳዱ ነው» ይላል። እሱስ ባልከፋ። ትናንት ግን ስልኩ ድምፁ ተለቆ፣ እኛ ቤት ሆና የምትማረው የሰይድ ልጅ ሐያት ከማል አጠገብ ሻይ እየቀዳች፣ «በምርቃና እየነዳ ሞተሩን ካላስጮኸ ደስ አይለውም» አለ።

ወላሂ ወንድሜ ጫት አፉ ገብቶ አያውቅም። ሰይድ «ልጄን መልሱልኝ» ብሎ ዘጋው።

ማክሰኞ

ሐያት የትምህርት ቤት ሹራቧን አጥባ አስጥታለች። በዚህ ብርድ ሹራብ በአንድ ቀን አይደርቅም፤ ነገ ምን ለብሳ ልትሄድ ነው? ስጠይቃት ፊቷን ሳታዞር፣ ከሄደች ለክፍል ጓደኛዋ ንጹሑን ትታላት መሄድ እንደምትፈልግ ነገረችኝ። እታች ሹራብ ምን ያደርግልኛል አለች። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ተናደድኩ።

ሐያት አስረኛ ክፍል ናት። ሰይድ የሚኖርበት ግድብ ዳር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር የለም፤ ለዚህ ነው እኔ ጋ ያለችው። ከተመለሰች ተመለሰች ነው። በሒሳብ ከክፍሏ ማንም አይደርስባትም። በአንድ ብረት የተነሳ!

ያናደዱኝን ልዘርዝር፦
ከማል የኩሬውን ቪዲዮ እንደገና ስላሳየኝ። እዚያው ቆሜ ያየሁትን!
ቪዲዮውን ሲያይ ፈገግ ስለሚል።
ሰይድ ስልኩን ሲዘጋ ሰላምታ እንኳ ስላላስጨረሰኝ።
አስራ ሦስት ቁጥሩ ወርክሾፕ ግድግዳ ላይ በሚስማር ተሰቅሎ፣ እንደ ዋንጫ እየተወለወለ ስለሚኖር።
ሁለቱም ስለ ሐያት አንድ ቃል ስለማይናገሩ።

ማታ ከማልን «ይቅርታ በለው» አልኩት። «ለምኑ? ምርጫዬ ትክክል ነው» አለኝ። ስለ ፕሮፔለሩ አይደለም የጠየቅኩህ አልኩት። ሰማኝ፤ እንዳልሰማ ሆነ።

ረቡዕ

የሰይድ ሚስት ረውዳ ደወለች። ቀስ ብላ ነው የምታወራው፣ ሰይድ እንዳይሰማ። ዓርብ ገበያ ነው። ማዶ ያሉት ገበሬዎች ማሿቸውን አጭደው፣ ወቅተው፣ ጆንያ ውስጥ ከትተው እየጠበቁ ነው። ዓርብ ካላሻገራቸው ወደ ሌላኛው ጀልባ ይሄዳሉ፤ የሌላኛው ጀልባ ባለቤት ደግሞ ራሱ የማሾ ነጋዴ ነው፣ የሚያሻግረው በራሱ ዋጋ የሸጠለትን ብቻ ነው። ገበሬው አንዴ እጁ ከገባ አይወጣም። ቅዳሜ ደግሞ ሰይድ ሐያትን ሊወስድ ይመጣል።  ልጇ እንድትማር የምትፈልገው ረውዳ ናት።

ሄጄ በዓይኔ ላየው ወሰንኩ። ዩኒፎርም የሚጠብቁ ወላጆች ይቆጡኝ፤ ይቆጡ።

ከማል ስነግረው «ጎሽ፣ ስህተቱን አሳዪው» አለኝ። የማን ስህተት እንደሆነ ለማየት ነው የምሄደው አልኩት። ያን ያህል እርግጠኛ ከሆንክ አብረኸኝ ውረድ ብለው ክፍለ ጊዜ አለኝ አለ። ሐሙስ ክፍለ ጊዜ እንደሌለው የማላውቅ መሰለው።

ሐሙስ

ሰይድ ቤት ሆኜ ነው የምጽፈው። ላብ ወረቀቱን እያረጠበው ነው። ጠዋት ሁለት ሹራብ ደርቤ የወጣሁት ሴትዮ!

ጎረቤላ ስንደርስ ውሃ ገዝቼ ጠጣሁ፤ ባዶውን ሃይላንድ ከድኜ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ቁልቁለቱን ስንጀምር አንድ ጭነት መኪና ወደ ላይ እያቃሰተ ሲመጣ የእኛ ሹፌር ቆሞ አሳለፈው። «አናቱ ጋ ሲደርስ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ምስኪን» አለ። አልሰማሁትም ማለት ይቻላል። ሐሳቤ ሐያት ጋ ነበር።

ሰይድ ግድቡ ዳር ጠበቀኝ። ሳመኝ፣ ግን ስለ ከማል አልጠየቀም። ጎረቤቶቹን ጠርቶ፣ ጆንያ አስጭኖ፣ «ነይ ግቢና ራስሽ ስሚው» አለኝ። ገባሁ። ቀስ አድርጎ ነው የሚነዳው፤ እጁ ላይ ዓይኔን ተክዬ ነበርና አየሁት። ግን ገና ነዳጁን ትንሽ ከፈት ሲያደርገው ሞተሩ ጮኸ፣ ጆሮ የሚያደነቁር ጩኸት። ውሃው ከኋላ ተናጠ። ጀልባው እንደ ሽማግሌ ይጓዛል። ከዚያ ጢጥ ጢጥ ጢጥ፣ ጉልበቱም ወረደ። ሰይድ ወደ እኔ ዞሮ «መርቅኜ ነው?» አለኝ። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

እንግዲህ ምን ይባላል? ኩሬው ላይ ከማል ልክ ነበር፤ አይቻለሁ። እዚህ ሰይድ ልክ ነው፤ አየሁ። ያው ሞተር፣ ያው ፕሮፔለር፣ ያው ክብደት። ሁለቱም ልክ ሆነው ልጅቷ ትምህርቷን ልታጣ! ከመግሪብ በፊት ረውዳ ጋ ተቀምጬ ብሽቀቴን እያወራሁ ቦርሳዬን ፈታሁ። ሃይላንዱ ጭምድድ ብሏል። ማን ረገጠው ብዬ ስመለከት ክዳኑ እንደተዘጋ ነው። ረውዳ ሳቀች። «ከደጋ ተዘግቶ የመጣ ሁሉ እንዲህ ነው፤ የላዩ አየር ስስ ነው፣ የኛ ወፍራም፣ ይጨፈልቀዋል» አለችኝ፤ ሁሉም ሰው የሚያውቀውን እንደመንገር አድርጋ።

የሹፌሩ ነገር ያኔ ትዝ አለኝ። ሞተርም ይተነፍሳል። ላይ፣ ደብረ ብርሃን፣ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩ ደካማ ነው፤ ስለዚህ የሚቀልለውን አስሩን ወደደ። እዚህ ትንፋሹ ሞልቶለት በርትቷል፤ የሚጮኸው አስሩ ቀልሎት፣ ከልክ በላይ እየተሽከረከረ ነው። አንሶታል! የሚያስፈልገው አስራ ሦስቱ ነው፤ ያ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው።

ኮረብታ ላይ ወጥቼ ኔትወርክ ፈልጌ ለከማል ደወልኩ። የሹፌሩንም የሃይላንዱንም ነገር ነገርኩት። 

«አየሩ» አለ። «ዘሃራ፣ እኔ'ኮ ይህን በየዓመቱ አስተምራለሁ።»

መሳቅ ወይም ማዘን ነበረብኝ። ተናደድኩ። የአሸዋውን ጆንያ አንድ በአንድ የመዘነ ሰው ሞተሩ የት እንደሚኖር አላሰበም! አስራ ሦስቱን ይዘህ ራስህ ና አልኩት። ለሹፌር ሰጥቼ በሌሊቱ መኪና እልከዋለሁ አለ። አትላከው፣ ና፣ ይቅርታህን ሹፌር ይዞልህ አይመጣም አልኩት። እሺም እምቢም ሳይለኝ ኔትወርኩ ጠፋ። ወይም አጠፋው።

ዓርብ

ፕሮፔለሩ መጣ። ጆንያ ውስጥ፣ ብቻውን፣ የሹፌሩ ወንበር ሥር። ከማል የለም። ከመኪናው ሌላ ሰው ይወርድ እንደሆነ ብዬ የመጨረሻው ተሳፋሪ እስኪወርድ ቆሜ አየሁ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ሰይድ ምንም ሳይል አስሩን ፈታ፣ አስራ ሦስቱን አሰረ። ማዶ ሰው ዳርቻውን ሞልቶታል፤ ሌላኛው ጀልባም ቆሟል፣ ባለቤቱ እጁን አጣጥፎ።  ሰይድ ቢስሚላህ ብሎ አስነሳው። ሞተሩ አልጮኸም። ወፈር ያለ ድምፅ አወጣና ጀልባው አፍንጫውን ከፍ አድርጎ ሄደ። ሲመለስ ሰውም ማሾም ሞልቶበት፣ ፍየሎችም ጭምር፣ ያው ድምፅ፣ ያው ፍጥነት። ረውዳ እልል አለች። እኔም አልሐምዱሊላህ ብዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ጁሙዓ ሳይደርስ ሁሉንም አሻገራቸው።

አለቀ ብዬ ነበር። ምሳ ላይ «እንግዲህ ሐያት ትቀራለች» አልኩ፣ ተሸክሜው የመጣሁትን ሸክም እንደማውረድ። ሰይድ እጁን ታጠበ። «ጀልባው ሄደ፣ አላህ ይስጥልኝ። ልጄ ግን አባቷ በሚሰደብበት ቤት አትበላም። ነገ አብሬሽ እወጣለሁ።»

ቃሌን ሁሉ ጨረስኩበት። ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ የአባታችንን ስም ጠራሁ። ረውዳ ተነስታ ወጣች። እሱ ጣሪያውን ያያል። ብረቱ ልክ ሲሆን ሰዎቹ ልክ የሚሆኑ መስሎኝ ነበር፤ ሞኝ እኔ። በከማል ጨሻለሁ፣ በሰይድ ጨሻለሁ። ለአንድ ቀን እንኳ የልጅቷን ፊት አይተው ቢሆን!

ቅዳሜ

ከሰይድ ጋር ወጣን። መኪና ውስጥ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ካልሆነ አንድም ነገር አላወራንም። ብርዱ ሲጀምር ሹራቤን አውልቄ ሰጠሁት፤ አልለብስም አለ፤ እየተንቀጠቀጠ አልለብስም ይላል።

ቤት ስንገባ የሐያት ሻንጣ በር ላይ ነው። ከማል ወርክሾፕ አልሄደም፤ ሳሎን ቁጭ ብሏል። ሰላም ተባባሉ፣ ጫፍ ጫፉን። ሰይድ ጫማውን ሳያወልቅ በሩ ላይ ቆሞ «ሐያት፣ ተነሺ» አለ።

ከማል ብድግ አለ። ጉሮሮውን ጠረገና ስለ ከፍታ፣ ስለ አየር፣ ሞተር ደጋ ላይ ትንፋሽ ስለሚያጥረው ነገር ጀመረ። አላስቻለኝም። «ከማል፣ ስለ አየር የጠየቀህ የለም» አልኩት። ጮኬ ሳይሆን አይቀርም፤ ጎረቤት ሰምቷል።

ቆመ። ወደ ሰይድ አይደለም የዞረው፤ ወደ ሐያት ነው።

«ሐያትዬ፣ አባትሽ ሲቅም አይቼ አላውቅም። መልስ ሲጠፋኝ ያወጣሁት ውሸት ነው። አንቺ እየሰማሽ ነበር ያልኩት፤ ለዚህ ነው አንቺ እየሰማሽ የምመልሰው።»

ከተጋባን ጀምሮ ከዚህ ሰው አፍ እንዲህ ያለ ነገር ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ፊቱ ቀልቷል። ሐያት እግሯን ታያለች።  

ሰይድ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ፈታ። አወለቀና ገብቶ ተቀመጠ። ቆይቶ «ፈተናሽ መቼ ነው?» አላት።

«ማክሰኞ።»

«ታዲያ ሻንጣው በር ላይ ምን ይሠራል?»

እስከ ማክሰኞ ብቻ ይሁን ወይ ለዘለቄታው አልተናገረም። እኔም ልጠይቅ አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። አሁን ሳሎን ውስጥ አስራ ሁለት ቁጥር ብናገኝ ይሻል ነበር አይሻልም እየተባባሉ ነው፤ ድምፃቸው እየጨመረ ነው። ወላሂ እንደገና ከተጣሉ ሁለቱንም አስወጥቼ በሩን እቆልፋለሁ። ሐያት መጽሐፏን ከሻንጣው አውጥታ እያጠናች ነው። ልብሷን ግን ገና አላወጣችም።