ለእኔ የተበተነ አበባ

ካራንጋሰም፣ ባሊ
ኦገስት 14 ቀን

ይድረስ ለልጄ ለአርሳና፣

እንዴት ነህ? እኛ ደህና ነን። እናትህ ጉልበቷን አልፎ አልፎ ያማታል እንጂ ደህና ናት። ቀይዋ ላም ወልዳለች። እኔም፣ ለማወቅ ከፈለግህ፣ በሕይወት አለሁ።

በስልክ ያልጻፍኩልህ ስልኩ የእኔና የእናትህ የጋራ ስለሆነ ነው። አንተ የምትልከውንም እኔ የምልክልህንም ከጎረቤት ልጅ ጋር ቁጭ ብላ አንድ በአንድ ታስነብባለች። ይህን ግን እንድትሰማው አልፈልግም። ስለዚህ ወረቀት ገዛሁ፤ ወደቡ ላይ ባለው የመርከቦች ወኪል በኩል እልክልሃለሁ። አንብበህ ስትጨርስ ባሕር ውስጥ ጣለው።

ባለፈው ማክሰኞ ሥራ ነበረኝ። ሥራዬን ታውቀዋለህ። ከምሳ በኋላ እንግዶችን ከወደብ መቀበል፣ ለምፑያንግ ተራራ ላይ ያሉትን ቤተ መቅደሶች ማሳየት፣ ከዚያ ወርዶ ከገደሉ አፋፍ ባሕሩን ማሳየት፣ ሳይመሽ ወደ መርከባቸው መመለስ። የሚነዳው ቡዲያሳ ነው። አሁንም ያው ነው፤ አፉ ከመኪናው ቀድሞ ይደርሳል። እንግዶቹ የወረዱት ከአንድ ትልቅ ነጭ መርከብ ነበር። አንተ ውል ባደስክ ቁጥር መርከብ ትቀይራለህ፣ ስሟንም አትነግረንም፤ ስለዚህ መርከቧን አይቼ ምንም አልጠረጠርኩም። ደግሞስ አጎትህ ሱዊጃ የሞተ ጊዜ «ለሚቃጠልበት ቀን ትደርስ ይሆን?» ብዬ ብጠይቅህ፣ «አባዬ፣ እኛ እኮ ያለነው ሌላው የዓለም ጫፍ ነው» አላልከኝም?

ሱዊጃን ገና አላቃጠልነውም። አፈር ውስጥ ሆኖ፣ ከመንደሩ ሙታን ጋር አብሮ የሚቃጠልበትን ቀን ይጠብቃል። ቤታችን የሞት እድፍ ስላለበት እኔም መቅደስ አልገባም። ሥራ ግን አይቀርም። እንግዶቹን እስከ በሩ አደርሳቸውና ከበሩ ወዲያ ያለውን ቡዲያሳ ያስጎበኛል። ቡዲያሳ አስጎብኚ ሲሆን ማየት ነበረብህ። «ይኼ አሮጌ ነው። ይኼም አሮጌ ነው። ያኛው ግን በጣም አሮጌ ነው» ይልና ይጨርሳል። እንግዶቹም ያጨበጭቡለታል።

በሩ ጋ ያለው ሰልፍ እንደ ድሮው ነው። ፎቶ አንሺው ስልኩ ሥር የመስታወት ስባሪ ይይዛል፣ ፎቶው ላይ በሩ ሐይቅ መሃል የቆመ ይመስላል። አንዲት ጠብታ ውሃ እንኳ የለም። ይህ ነገር ሁልጊዜ ያናድደኝ ነበር፤ በአማልክት ደጅ ውሸት ይሸጣሉ እል ነበር። ከማክሰኞ ወዲህ ግን ፎቶ አንሺውን ሳየው ምንም አይመስለኝም።

እንግዶቹ ሽርጣቸውን ታጥቀው ደረጃውን ሲወጡ አንዲት አሮጊት ቀሩ። ሂልዳ ይባላሉ። ዳሌያቸውን ስለሚያማቸው ደረጃ አይወጡም። ከዛፉ ጥላ ሥር ወንበር አመጣሁላቸውና አጠገባቸው ቆምኩ።

«እርስዎስ ለምን አይገቡም?» አሉኝ።

«ቤታችን ሞት አለ። የእኛ ሰው ሐዘን ላይ ሲሆን መቅደስ አይረግጥም።»

«ማን ሞተብዎት?»

«ወንድሜ። ቅርንፉድ ሲለቅም ከዛፍ ወድቆ።»

አሮጊቷ እጄን ያዙኝ። «ይኼ ዛፍ ስንቱን ነው የፈጀው? የእኛም ልጅ አባት ሰሞኑን ከቅርንፉድ ዛፍ ወድቆ ነው የሞተው። መርከቡ ላይ ክፍላችንን የሚያጸዳልን ልጅ፤ ከዚሁ ከእናንተ አገር ነው። በየማታው ከፎጣ ዝሆን እየሠራ አልጋዬ ላይ ያስቀምጥልኛል።»

እኔ ሞኙ ለዚያ ለማላውቀው ሰው አዘንኩለት። የየትኛው መንደር ሰው ይሆን ብዬ በልቤ ማሰብ ጀመርኩ። ባለፉት ሳምንታት ከሱዊጃ ሌላ ከዛፍ የወደቀ ሰው አልሰማሁም። ይህን ሳወጣ ሳወርድ እሳቸው ስልካቸውን አወጡና ፎቶ አሳዩኝ። ነጭ ሸሚዝ፣ ስምህ የተጻፈበት ብረት ደረትህ ላይ፣ እጅህ የአሮጊቷ ትከሻ ላይ። ወፍረሃል። ቤት ሳለህ የገዛ ሽርጥህን እንኳ አጣጥፈህ አታውቅም ነበር፤ ፎጣውን ዝሆን ማድረግ ማን አስተማረህ?

«ሦስት ቀን ዓይኑ አብጦ ነበር» አሉኝ። «ምን ሆንክ ብዬ ብጠይቀው አባቴ ሞተ አለኝ። በእኛ በኩል ያለው ተሳፋሪ ሁሉ አዋጣለት። ዛሬም ከእኛ ጋር ውረድ፣ እናትህን አይተህ ትመለሳለህ፣ አለቃህን እኔ እጠይቅልሃለሁ አልኩት። አባቴ የሞተበትን ተራራ ለማየት አቅም የለኝም ብሎ አለቀሰ። ምን ዓይነት መልካም ልጅ ነው!»

«መልካም ልጅ ነው» አልኩ።

አርሳና፣ ያን ጊዜ «አባቱ እኔ ነኝ» ብል ምን ይመጣ እንደነበር አስበው። ማታውኑ አለቃህ ፊት ትቆማለህ። የሞተ አባት ፈጥሮ ገንዘብ የሰበሰበ ልጅ ተብለህ ሻንጣህን ይዘህ ወደብ ላይ ትወርዳለህ፣ ሁለተኛም መርከብ አያስጠጋህም። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና መልሼ ዋጥኩት። እሳቸው በወንድሜ ያዘንኩ መስሏቸው ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ተናድጃለሁ፣ አልደብቅህም። አፍሬብሃለሁም። ይበልጥ የከፋኝ ግን ወደቡ ድረስ መጥተህ መቅረትህ ነው። ቡዲያሳ ላሞቹን ሁሉ እያሳለፈ ቢነዳ እንኳ ከወደቡ እስከ ቤታችን የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። እናትህ በዚያ ሰዓት ለላሟ ሣር ታጭድ ነበር። ቀና ብትል መርከብህን ታያት ነበር። የገደልከኝ ለገንዘብ ነው እንበል፤ እሷን ምን አድርጋህ ነው ሳታያት የሄድከው? ውሸትህ እኔን ቀበረኝ፣ አንተን ደግሞ የገዛ ቤትህን መንገድ ዘጋብህ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እኔ ላይ የጠራው በዚያ ዛፍ ሥር ነው።

ከተራራው ወርደን የገደሉ አፋፍ ላይ ቆምን። ቀኑ ጥርት ያለ ነበር፤ ከኋላ አጉንግ ተራራ፣ ከፊት ጀልባዎቹ። እንግዶቹ ፎቶ አንስተው የኮኮናት ውሃ ከጠጡ በኋላ አሮጊቷ ወደ እኔ መጡ።

«አመዱን ባሕር ላይ በተኑት ብሎኛል። በዚህ በኩል ይሆን?»

«የእኛ መንደር ሰው አመድ የሚሄደው ወደዚሁ ባሕር ነው» አልኩ። ይኼ ውሸት አይደለም።

እሳቸው ለሌሎቹ ነገሯቸው። ስምህን ሁሉም ያውቁታል። «የአርሳና አባት፣ የአርሳና አባት» እየተባባሉ መንገድ ዳር መባ ከምትሸጠው ሴት ዘንድ ያለውን አበባ በሙሉ ገዙ። ሴትዮዋ ታውቀኛለች፣ የእናትህ የሙርኒ ባል መሆኔንም፣ የአንተ አባት መሆኔንም። አንድ ጊዜ እነሱን፣ አንድ ጊዜ እኔን አየች፤ እንግዶቹ የሚሉት ስላልገባት ሳቅ ብላ አበባዋን ሸጠች። ሁሉም እየተጠጉ አበባውን ወደ ባሕሩ በተኑ። አንድ መላጣ ሰውዬ ባርኔጣውን አወለቀ። እኔ መሃላቸው ቆሜአለሁ፤ ሁለት እግር፣ ሁለት እጅ፣ ላብ የሚያልበው ሟች።

«እባክዎ፣ በቋንቋችሁ አንድ ነገር ይበሉለት» አሉኝ አሮጊቷ።

እምቢ ማለት ነበረብኝ፤ እድፍ ያለበት ሰው ጸሎት አይመራም። ግን ሁሉም እያዩኝ ነው። እጆቼን ግንባሬ ላይ አገናኘሁና እንዲህ አልኩ፦ «ሱዊጃ ወንድሜ፣ አበባው ላንተ ነው። ሞትህን ወስደው ለእኔ ሰጡት፤ እኔ አልጠየቅኩም። መንገድህ ይቅና። የወሰደብህን ልጅ ይቅር በለው፤ ትከሻህ ላይ ያደገ ነው።»

እንግዶቹ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ። አንዱ «አሜን» አለ።

ቡዲያሳ ግን ቋንቋውን ያውቃል። መኪናው ጋ ስንደርስ ሌሎቹ እስኪገቡ ጠብቆ፣ «ጋሼ መርታ፣ ለሞተ ሰው ደህና ትናገራለህ» አለኝ።

«ዝም ብለህ ንዳ።»

«እነዳለሁ። ግን እንግዲህ ከሞትክ አይቀር ያንን አውራ ዶሮህን ለእኔ ተናዘዝልኝ።»

አልሳቅሁም። እሱም መኪናውን አስነሳ። ወደቡ ሊታይ ሲል፣ ፊቱን ሳያዞር፣ «ለእቴ ሙርኒ ግን አትንገራት» አለኝ። ያ አፈ ሰፊ ሰው ምስጢር ይጠብቃል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ እስካሁን ጠብቋል።

ለምን እንዳደረግከው ሳስብ ሰነበትኩ። ለአጎት ሞት ማንም ኪሱን አይዳብስም ብለህ ነው? እንዲያ ነው ብዬ ብጠላህ ይቀለኛል። ወይስ የእውነት ስታለቅስ አገኙህና፣ እንዲህ የሚለቀስለት አባት ብቻ ነው ብለህ ነው? ዛፍ መውጣት ያስተማረህ ሱዊጃ ነው፤ ውሃ ዋናም ያስተማረህ እሱ ነው። እኔ ያን ጊዜ እንግዶች ይዤ ተራራው ላይ ነበርኩ። ምክንያትህ ይኼኛው ከሆነ እንዳትነግረኝ።

ያዋጡልህ ገንዘብ ግን የሱዊጃ ነው። ለማቃጠያው ላከው። የሞተው እሱ፣ የሚከፈለው አንተ፣ ይኼ አይሆንም። እኔም እንግዲህ የምሞትበት ቀን መምጣቱ አይቀርም። የዚያን ቀን ለማን ልትናገር ነው? አንድ አባት ሁለቴ አይሞትም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። እንድጽፍልህ ያስገደደኝ ይኼ ነው።

ወደቡ ላይ ሁሉም ከወረዱ በኋላ አሮጊቷ ወደ ኋላ ቀሩና ከቦርሳቸው በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጡ። «የልጁን እናት ያገኟት ይሆን? የመንደሯን ስም ነግሮኛል» ብለው መንደራችንን ጠሩ።

«አውቃታለሁ» አልኩ።

«እንግዲያው ይኼን ይስጡልኝ። መርከቡ ላይ ቁጭ ብዬ በእጄ የሠራሁት ነው። ባል የሞተባት ሴት መጀመሪያ የሚበርዳት ትከሻዋን ነው። እኔ ደርሶብኝ አውቀዋለሁ።»

የሱፍ ሻርፕ ነው፣ ትከሻ የሚሸፍን፣ ግራጫ ሆኖ ዳር ዳሩ ሰማያዊ። እንዴት አድርጌ እምቢ እላለሁ? ተቀበልኩ። መንገድ ላይ ልጥለው ሁለት ጊዜ አሰብኩ፤ የአሮጊቷ ዓይን ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ። ቤት ስደርስ እናትህ ገና በር ላይ ሳለሁ እጄን አየች።

«ምንድን ነው የያዝከው?»

ምን ልበላት? ባልሽ ሞቶ የተላከልሽ ነው ልበላት? «ልጅሽ ነው የላከልሽ» አልኳት። «በመርከብ ሰው በኩል።»

ወረቀቱን እንኳ ሳትቀድ፣ እጥፉን እየፈታች ቀስ ብላ ከፈተችው። ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ቁጭ አለች። ዳር ዳሩን በጣቷ እየዳበሰች፣ «ማታ ማታ ትከሻዬን እንደሚበርደኝ በምን አወቀ?» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አውልቃው አታውቅም። ለጎረቤት ሁሉ አሳይታለች። ማታ ራት ስንበላ ከፊቴ ትቀመጣለች፣ የመበለት ሻርፕ ለብሳ፣ ሩዝ ትጨምርልኛለች፣ ስለ አንተ መልካምነት ታወራልኛለች። እኔም እበላለሁ።

ወኪሉ ደብዳቤው ከእሁድ በፊት ይደርስሃል ብሎኛል፤ እሁድ ትደውልልሃለች። አደራህን ስልኩን አንሳ። ስለ ሻርፑ ታመሰግንሃለች፤ «የቱን ሻርፕ?» እንዳትል። ቀለሙን አትርሳ፣ ግራጫ ነው፣ ዳር ዳሩ ሰማያዊ። እኔ ራሴ ነኝ የመረጥኩልሽ በላት። ለማያውቁህ ሰዎች ያን ያህል አሳምረህ ከዋሸህ፣ አንድ ጊዜ ለእናትህ ዋሽላት።

ባሕሩ ጸጥ ይበልልህ። ጤናህን ጠብቅ።

አባትህ
መርታ