ኮሪን ከተሳቢው ሥር

ፌብሩዋሪ 9፣ ሰኞ

ጠዋት ቀዝቀዝ ብሎ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ሸሚዝ ብቻ በቃኝ። ቴክሳስ ደግ አገር ነው። እኛ ጋ፣ ሰሜን ዳኮታ፣ አሁን የተተፋ ምራቅ መሬት ሳይደርስ ይረጋል።

ባለቤቴ ኮሪን፣ በብርዱ ወራት ተሳቢ ቤታችንን ከምናቆምበት ግቢ ዛፍ ብርቱካን ለቅማ መጣች። ከሰዓት ከጎረቤታችን ከዌንደል ጋር ካርታ ተጫወትን። ተራዬ ደርሶ ሳድል ካርታው ከእጄ ተበተነ። ዌንደል ጎንበስ ብሎ ለቃቀመልኝ። ይሄ ሰው በሰው ሳይቀልድ የማይውል... ዝም ሲለኝ ደስ አይለኝም።

ፌብሩዋሪ 12፣ ሐሙስ

የተሳቢውን የሽንት ቤት ታንከር ልደፋ ሄድኩ። ቱቦውን ለመግጠም የቧንቧውን ክዳን ገና ከማላቀቄ ጫማዬ ላይ ተደፋ። ፍሳሹን የሚይዘው ቫልቭ ዝግ ነው። እጀታውን ደግሜ ገፋሁት፣ እስከ መጨረሻው ገብቷል። ግን ያንጠባጥባል። ውስጡ ያለው ማሸጊያ ጎሚኒ አልቆ ይሆናል።

ጫማውን ኮሪን ውጪ አስቀመጠችው። እኔንም ልታስቀምጠኝ ትንሽ ነበር የቀራት።

ፌብሩዋሪ 13፣ አርብ

የግቢው ኃላፊ ማሪሴላ መጣች። ጥሩ ሴት ናት፤ መጥፎ ነገር ስትናገር መሬት መሬት ታያለች።

«ሚስተር ቶሌፍሰን፣ እርስዎን ማስቀየም አልፈልግም። ግን ክዳኑም ያፈሳል፣ ሽታውም ሰው አስቸግሯል። በሚመጣው ሳምንት ካልተሠራ ቦታውን መልቀቅ ይኖርብዎታል።»

እውነቷን ነው። ሳፋ ሥሩ አድርጌበታለሁ፤ ሳፋ ግን ሽታ አይይዝም። በየግቢው እየዞረ የሚጠግነው ሰውዬ ጋ ደወልኩ። እስከ ማርች ጊዜ የለኝም አለ።

ራሴ እሠራዋለሁ። አራት ብሎን ነው እኮ!

ፌብሩዋሪ 14፣ ቅዳሜ

አልሠራሁትም።

ታንከሩን ባዶ አድርጌ አጠብኩት። ፕላስቲክ አንጥፌ ከተሳቢው ሥር ገባሁ። አርባ ዓመት ኮምባይነር ጠግኛለሁ፣ በበረዶ፣ በባትሪ መብራት። ዛሬ መፍቻውን ብሎኑ ላይ ማሳረፍ አቃተኝ። ቀኝ እጄ ይንቀጠቀጣል። በግራ ደግፌ ሞከርኩ። አሁንም ሸሸኝ። ጣቴን ልጦኝ ወደቀ።

ኮሪን ከመስኮት ሆና፣ «ጫማህ ብቻ ነው የሚታየኝ። በሕይወት አለህ?» አለችኝ።

አለሁ አልኳት። ከዚያ በኋላ ግን ብዙ ቆየሁ እዚያው... ለምን እንደሆነ እንጃ። መውጣት ከበደኝ።

ማታ ልጃችን ጃኔል ደወለች። በቤቷ ምድር ቤት ያለውን ክፍል ቀለም ቀብታልናለች። ተሳቢውን ሽጡና ኑ ትላለች። «አባዬ፣ ሐኪሙ ያለህን ሰምተሃል» አለች። ሰምቻለሁ። በመከር ወቅት ነው የነገረኝ። የበሽታውን ስም እዚህ ጽፌው አላውቅም። ፓርኪንሰን። ይኸው፣ ጻፍኩት።

ክፍሉ ጥሩ ነው፣ አይቼዋለሁ። ልጄም ክፉ አይደለችም። ግን መስኮቱ ከመሬት በታች ነው። ከዚያ ሆኜ የማየው የሣር ሥር ነው።

ፌብሩዋሪ 15፣ እሁድ

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ኮሪን የእኔን ቱታ ለብሳ ወጣች። እግሩን ሁለት ጊዜ አጥፋዋለች።

«ምንድነው ይሄ?» አልኳት።

«ነገ ቫልቭ እንገዛለን። እኔ እገባለሁ፣ አንተ ወንበር ይዘህ ትቀመጥና ትነግረኛለህ። የታመመው እጅህ ነው እንጂ አፍህ አይደለም።»

ይሄ ያንቺ ሥራ አይደለም አልኳት። የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ስትመራ ስንት የተደፈነ ቧንቧ እንደከፈተች ነገረችኝ። እኔ ኮምባይነር ሥር ስለነበርኩ አላየሁም እንጂ።

አኮረፍኩ። ቱታው ግን ያምርባታል።

ፌብሩዋሪ 17፣ ማክሰኞ

ክፉ ቀን።

አጀማመሩ ደህና ነበር። የዛገው ላይ ዘይት ረጨች፣ ትንሽ ጠበቀች፣ ብሎኖቹ ተፈቱ። «ወደ ግራ» ስላት «የማን ግራ?» ትላለች። ሳቅን። አሮጌው ቫልቭ ወጣ፤ ጎሚኒው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሁለቱን የቧንቧ አፎች ወለወለች፣ አዲሶቹን ጎሚኒዎች አጠለቀች፣ አዲሱን ቫልቭ መሐላቸው አስገባች። ክፍተቱ ጠባብ ነው፣ አልገባም አለ። በኃይል ግፊው አልኳት። ገፋችው። ብሎኑን አሰረች። ውሃ ሞላን።

አፈሰሰ። ከበፊቱ ባሰ።

«አምጪው መፍቻውን!» አልኩ። ጮህኩባት። ሰጠችኝ። ጎንበስ አልኩ... እጄ ከቅዳሜው ይብስ ነበር። ሁለታችንም አየነው። መፍቻውን ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩና ሄድኩ። አጥሩ ጋ ደርሼ ቆምኩ። የት እሄዳለሁ ደግሞ?

ስመለስ ገላዋን እየታጠበች ነበር። እራት ላይ ይቅርታ አልኳት። «ለጩኸቱ ነው ወይስ በኃይል ግፊው ላልከኝ?» አለችኝ። ለሁለቱም አልኩ።

ፌብሩዋሪ 18፣ ረቡዕ

ማሪሴላ ከሩቅ ታየናለች። አትጠጋም።

ቫልቩን ድጋሚ አወጣችው። አንደኛው ጎሚኒ ከንፈሩ ወደ ውስጥ ተጠቅልሏል። ስትገፋው ነው የታጠፈው። እኔ ነኝ ግፊ ያልኩት፤ በእኔ የድሮ ጉልበት አስቤ። ግራሶ ቀቢው አልኳት። ቀባችው። አሁንም ከንፈሩ ሊታጠፍ ሆነ።

ተጋድማ አየችው። ከዚያ ወጣች፣ ወደ ውስጥ ገባች፣ የድንች ቂጣ የምትገለብጥበትን ስስ እንጨት ይዛ መጣች። እናቷ የሰጠቻት።

«ኮሪን፣ እሱን አታድርጊ።»

«ስስ ነገር ሳይቀደድ ለማንሳት ከዚህ የተሻለ የለም። ዝም በል፣ ወይም የሚጠቅም ነገር ተናገር።»

እንጨቱን በጎሚኒውና በቫልቩ መሐል አሾለከች። ከንፈሩን ደግፋ ያዘች፣ በሌላ እጇ ቫልቩን ቀስ አድርጋ አንሸራተተች። ገባ። ድምፅ እንኳ አላሰማም። እንጨቱን ሳበችው። ብሎኖቹን በትንሽ በትንሹ አልኳት፣ አንዱን፣ ከዚያ ትይዩውን። እንዳልኳት አደረገች። ይሄኛው ምክሬ ትክክል ነበር።

ውሃ ሞላን። የቧንቧውን ክዳን ከፈትን። ጋዜጣ ከሥሩ አነጠፍን። ዌንደል ወንበሩን ይዞ መጣ፣ ቢራም ይዟል። ሦስታችን ተቀምጠን ጋዜጣ አየን። ዌንደል፣ «አንብቡት እንጂ፣ እንዲህ አፍጥጣችሁ የምታዩት ምን ተጽፎበት ነው?» አለ። ጋዜጣው ፀሐይ እስክትጠልቅ አልረጠበም።

እንጨቱ ከእንግዲህ ቂጣ አይገለብጥም። ኮሪን አጥባ ከመሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ ከተተችው።

ፌብሩዋሪ 19፣ ሐሙስ

ደረቅ።

ፌብሩዋሪ 22፣ እሁድ

ማሪሴላ ትኩስ ታማሌ፣ በበቆሎ ልጣጭ ተጠቅልሎ የበሰለ ሊጥ፣ አመጣች። ጎንበስ ብላ ቧንቧውን አየች፣ ለእኔ ሳይሆን ለኮሪን እጇን ዘረጋች።

ጃኔል ደወለች። ኮሪን አነሳች። ክፍሉን ለእንግዳ አድርጊው፣ እኛም በጁላይ እንግዳ ሆነን እንመጣለን አለቻት። «አባትሽ እያስረዳኝ እኔ እየሠራሁ... ይሄዳል። የማይሄድ ቀን ራሴ እደውልልሻለሁ» አለቻት።

የማይሄድ ቀን ይመጣል። አውቃለሁ። እሷም ታውቃለች። ግን ዛሬ አይደለም።

ማርች 8፣ እሁድ

ኮሪን መንዳትም እኔ ልልመድ አለች። ቫልቩን እኔ እሠራለሁ ስትል እንዳኮረፍኩት አላኮረፍኩም። ለምን? እንጃ... መሪው ላይም እጄ ሲያመነታ ከመከር ጀምሮ ይታወቀኛል።

ከግቢው ጀርባ ባለው ባዶ ሜዳ ተሳቢውን ወደ ኋላ ስታስኬድ ሁለት ጊዜ ከመኪናው ጋር እንደ ታጣፊ ቢላዋ አጠፈችው። ዌንደል እንዳይቀልድባት መስኮቱን ዘግቶ እንዲተኛ ላኩበት። ሦስተኛው ላይ ቀጥ ብሎ ገባ።

ማርች 24፣ ማክሰኞ፣ ኔብራስካ

መንገድ ላይ ነን፣ ወደ ሰሜን። ኮሪን ትነዳለች። መሪውን በሁለት እጇ አንቃለች፣ ትከሻዋ ጆሮዋ ጋ ደርሷል። ራዲዮ አስጠፍታኛለች።

ወንዙ ጋ ስንደርስ በእኔ በኩል ያለው የበቆሎ ማሳ በሙሉ ግራጫ ሆነ። ወፎች ናቸው። እግራቸው የረዘመ፣ ሺህ በሺህ። ይሄን መንገድ ስንቴ ነድቼዋለሁ! በየዓመቱ ኮሪን እዚህች ቦታ «እይ፣ እይ» ትለኝ ነበር። ዓይኔ አስፋልቱ ላይ፣ «እህም» እላታለሁ። ለካ ይሄን ነበር የምታሳየኝ።

«ወፎቹ አሉ አይደል?» አለችኝ። «መዞር አልችልም። ንገረኝ።»

መስኮቱን አወረድኩት፣ ጩኸታቸው ገባ። እግራቸውን፣ ግንባራቸው ላይ ያለውን ቀይ፣ ሁለት ሁለት ሆነው የሚዘሉትን... ወንዙን እስክናልፍ ነገርኳት።