በእንጦጦ በኩል ስለሚንቀጠቀጠው ኮከብሽ

ለአስኩዬ፣ ለልቤ ሰው፣

ከተለየሽኝ ዓመት ሊሞላ አንድ ሳምንት ቀረው። ይህን የምጽፍልሽ እኔው ነኝ፤ በገዛ እጄ! እዚሁ ሱሉልታ የማታ ትምህርት ገብቼ ከወንዶቹ አንደኛ ወጥቻለሁ። ወንዶቹ ሁለት ብቻ መሆናችንን ማን ጠየቀሽ?

ቤታችን ደህና ነው። ላሟ ወልዳለች። ጎረቤታችን ኦቦ ቶላ ፎቅ ጀምሮ የጠዋት ፀሐያችንን ጋርዶታል። ምን ዋጋ አለው፣ ያንን ኮከብሽን አልጋረደልኝም! በእንጦጦ በኩል ዝቅ ብሎ የሚንቀጠቀጠውን። አመሻሽ ላይ ላም ስናልብ ቀና ትይና፣ «ያው፣ ሟቹ ባሌ ሰላም ሲለኝ» ትይኝ ነበር። እኔ እስቃለሁ፤ ሆዴ ግን እንደ እርጥብ እንጨት ይጨሳል። ምድር ላይ ያለ ባላንጣ ቢሆን ዱላ ይዤ እጠብቀው ነበር። ሰማይ ላይ በምን ልድረስበት?

ደረስኩበት! አስተማሪያችን እንዳለችው የኮከብ ብርሃን ከሩቅ ሲመጣ ጸጥ ያለ ነው። የሚያንቀጠቅጠው ከበላያችን ያለው አየር ነው፤ ሞቃቱና ቀዝቃዛው እየተተራመሰ ብርሃኑን ወዲህና ወዲያ ያጣምመዋል። ዝቅ ያለው ኮከብ ብዙ አየር ስለሚያቋርጥ ይብስበታል። በከሰል ምድጃው ወላፈን አሻግሬ ግድግዳችንን ባየው፣ እውነትም ይጨፍራል። ስለዚህ አስኩ፣ ሰውዬሽ አንድ ቀን እንኳ ሰላም አላለሽም! ይህን ልነግርሽ ከክፍል እየሮጥኩ መጣሁ። አለመኖርሽ ትዝ ያለኝ በሩን ከከፈትኩ በኋላ ነው።

ቀጥሎ መጽሐፍ ቅዱስሽ ውስጥ ያንን ወረቀት አገኘሁ። ቄሱ በጸሎት እንዲያነሱልሽ በየዓመቱ የሙታንሽን ስም ጽፈሽ የምትልኪኝን። የእናት አባትሽ ብቻ መስሎኝ እየተኩራራሁ አደርስ ነበር። አሁን ሳነበው ከሁሉም በላይ የእሱ የክርስትና ስም! ለካ የባላንጣዬ መልእክተኛ ነበርኩ። ፊደል ባልቆጠርኩ አልኩ።

የዘንድሮውን የምጽፈው እኔ ነኝ። ያንቺን ስም በትልቁ ጻፍኩ። የእሱን ዘለልኩና ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ሦስት ቀን ጎኔን ሲወጋኝ ከረመ። ልጅ አልወለደ፣ ወንድም የለው፤ ካንቺ ሌላ ማን ያነሳው ነበር?

ዛሬ ጻፍኩት። በትንሽ ፊደል ነው፣ እንዳትኮሪ! ደግሞም ከስምሽ ሥር አላስጠጋሁትም፤ በመካከላችሁ አንድ መስመር ባዶ ትቻለሁ። የኔ ናት። እስክገባባት ድረስ በየዓመቱ በእጄ እጽፍሻለሁ፣ በእግሬም አደርስሻለሁ።

ባልሽ ዳምጠው፣ የመጨረሻው።